የገንዘቤ አወዳደቅ

ሰኔ 28

እህት ረድኤት በየቀኑ ጻፉ ብላናለች። ቸርች ውስጥ በእናቶች ክፍል ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። «እማማ እታፈራሁ፣ የልብዎን ይጻፉ፣ እኔ አላየውም» አለችኝ። ካላየሽው ለማን ልጽፈው ነው አልኳት። ሳቀች። እኔ ስናገር ሰው ይስቃል። የምሬን ስናገርም ይስቃል። ከልጄ በቀር።

ዛሬ ምንም የለም። ሙቀት ብቻ። የበሩ እጀታ ያቃጥላል። ልጄ ሰናይት ኤፔክስ ሄዳለች፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ የምትሠራበት መጋዘን።

ሐምሌ 2

አሳምነው ደወለ። ከስንት ዓመት በኋላ። ቁጥሬን የሰጠው ፈድሉ የሚባል ልጅ ነው፤ ሊሞ የሚሉትን ረጅም መኪና ይነዳል፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ ከአገር ቤት አርቲስት እያስመጣ ሾው ያዘጋጃል።

«እቴ» አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። «አለሽ?»

«የሞትኩ መስሎህ ነው የደወልከው?»

«ለእንቁጣጣሽ ላስ ቬጋስ እመጣለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አብረን እንሥራት። የትሪዋን።»

«አሳምነው፣ እኔ አሁን ብወድቅ የሚያነሣኝ ክሬን ነው።»

ሳቀ። ሳቁ የድሮው አልነበረም። ከአፉ በአንድ በኩል ብቻ የሚወጣ ይመስላል።

የትሪዋ የሚላት ይህቺን ነው። ፊልም በቪዲዮ ካሴት ይሸጥ በነበረበት ጊዜ እሱ ሀብታሙን ጋሼ፣ እኔ ሠራተኛዋን ገንዘቤን ሆነን ብዙ ኮሜዲ ሠርተናል። በሁሉም ላይ ጋሼ ይናደድና በጥፊ ይለኛል። እኔ ወጥ የሞላ ሳህን በትሪ እንደያዝኩ እዘረራለሁ። ትሪው ግን አይወድቅም። መሬት ላይ ተጋድሜ፣ ቀኝ እጄን ከነትሪው ወደ ላይ ሰቅዬ «ጋሼ፣ ወጡ ደኅና ነው!» እላለሁ። ሰው ሆዱን ይዞ ይንከባለላል።

ያቺን አነጋገር ያወጣኋት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ አልነበረችም። ብትኖርም እኔ አላነባትም ነበር፤ የምናገረውን በጆሮዬ ነበር የሚነግሩኝ። እሱ ግን በየቃለ መጠይቁ «እንደዚህ በይ ያልኳት እኔ ነኝ» እያለ ኖረ። ዛሬ ፊት ለፊት ባይሆንም ነገርኩት።

ከዚያ «መድረክ ላይ እናገርልሻለሁ» አለ። «በሰው ፊት። ይህች ነገር የእታፈራሁ ናት እላለሁ።»

አስብበታለሁ እንኳ አላልኩም። አልመጣም አልኩት።

ሐምሌ 3

ሰናይት ሰምታለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች።

«እማዬ፣ ልትወጪ ነው እንዴ?»

«የት?»

«መድረክ ላይ። ልትመቺ።»

«ምን ልሠራ! አልመጣም ብዬዋለሁ።»

«ማይልኝ አልልሽም፣ መማል አይፈቀድም። ግን ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ትንሽ ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት «የገንዘቤ ልጅ» ነበር የሚሏት። በዕረፍት ሰዓት በጥፊ ይመቷትና «ወጡ ደኅና ነው በይ» ብለው ዙሪያዋን ከበው ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ጆሮዋ አብጦ መጣች። በማግስቱ ቀረጻ ነበረኝ፣ ሄድኩ። ባልሄድ ምን ልትበላ ነበር?

ፊልሞቼን ስታይ አንድም ቀን ጥርሷን ዐይቼ አላውቅም።

ሐምሌ 6

ስልክ ላይ አንዱ የድሮ ፊልማችንን ቆራርጦ ለጥፎታል። አየሁት። ዳሌዬ እንዴት ይታዘዝ ነበር!

ሰው ጥፊው የሚያስቅ ይመስለዋል። ጥፊው ምንም አይደለም። መጀመሪያ ላይ እውነተኛ ነበር፤ ከንፈሬ ከተቀደደ በኋላ አሳምነው አየሩን መምታት ተማረ። ጥፊውን ጥፊ የሚያደርገው የእኔ አወዳደቅ ነው። እኔ ባልወድቅ እሱ ዝንብ የሚያባርር ሽማግሌ ነው። አድናቆቱን ግን እሱ ወሰደው።

ሰውነቴ ረስቶት እንደሆነ ለማየት ብርድ ልብስ አነጠፍኩና አንድ ጊዜ ሞከርኩ። ለማየት ብቻ። አልሄድም።

ሐምሌ 8

አልረሳም።

ሐምሌ 11

ዛሬም። ሳህን ላይ ውሃ አድርጌ። ፈሰሰ። እንደገና። ፈሰሰ። ግራ ዳሌ። ሰናይት ሳትመጣ ምንጣፉን በፎጣ።

ሐምሌ 14

ቸርች ውስጥ ሴቶቹ ለምን እስከዛሬ ሳይማሩ ቀሩ ይሉኛል፤ እነሱ እኮ ዲግሪያቸውን ይዘው መጥተው እዚህ የሆቴል አልጋ ነው የሚያነጥፉት። እውነቱን ልጻፈው። መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ እኔ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። መሃይምነት ይጥፋ እያልኩ በየሜዳው የምዘፍነው እኔ ነበርኩ። ሌላው ማታ ፊደል ሲቆጥር እኔ ልምምድ ነኝ። ስሜን ግን ተምራለች ብለው ይመዘግቡልኛል፤ ምስክር ወረቀትም ሰጥተውኛል። ማንበብ ስለማልችል ለረጅም ጊዜ ገልብጬ ነበር ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት። አሳምነው አይቶ ምንም አላለኝም። ሰው ጠርቶ አሳየ እንጂ።

የወደቁ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ሳህን ይዛ የወደቀች ግን እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ለማን ነው የምጽፈው?

ሐምሌ 19

ጉድ ፈላ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ሴትዮ ሰናይትን ደረጃ ላይ አስቁማ፣ አንቺ ሥራ ስትሄጂ ቤትሽ ውስጥ ከባድ ነገር በየቀኑ ይወድቃል አለቻት። እኔም ስወድቅ ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ስትደበድብ እሰማ ነበር። ጭብጨባ ነው ብዬ ነበር የማልፈው።

ሰናይት ገባች። ቀሚሴን ከፍ አድርጋ ዳሌዬን አየችው። ጠቁሯል። ከዚያ እግሯ ምንጣፉን ረገጠ፣ እርጥብ ነበር። ጎንበስ ብላ በእጇ ነካችው። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቷል።

«እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«መውደቁ። እና... ይሄ።»

ውሃ ነው፣ የሳህን ውሃ ነው ማለት ነበረብኝ። ቃሌ ነው ብያት ነበር እኮ። ቀሚሴን ዝቅ አደረግኩ።

ሐምሌ 20

የአዋቂ ዳይፐር ገዝታ መጣች። በጥቁር ፌስታል፣ ማንም እንዳያይብኝ። አልጋዬ ላይ አስቀምጣ «ማንም ላይ የሚደርስ ነው» ብላ ወጣች።

እንኳን ሕዝብ አላየኝ። በዕድሜዬ ከዚህ የበለጠ ኮሜዲ አልሠራሁም።

ነሐሴ 3

ሐኪም ቤት። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ፣ ሰናይት በአማርኛ። አጥንትሽ ሳስቷል ይላል እማዬ። አንዴ በደንብ ከወደቅሽ ዳሌሽ ይሄዳል ይላል። በዚህ ዕድሜ ዳሌ የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ አይነሣም ይላል።

«ከመውደቅሽ በፊት ያዞርሻል ወይ ይላል?»

«አልፎ አልፎ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ጥያቄ ሲጠይቁኝ መልስ መስጠት ልማዴ ነው፤ ካሜራ ፊት ዝም ማለት አይቻልም። ሐኪሙ ጻፈ። ሰናይት እጄን ያዘች፣ መኪናው ድረስ አልለቀቀችኝም።

ነሐሴ 9

መጋዘኑ ውስጥ ሊድ አድርገዋት ነበር፤ ከሥሯ ስንት ሰው ታሠራለች። ስትነግረኝ ምን ያህል ዘላ እንደነበር። ዛሬ ተወችው። ማታ ማታ ብቻ፣ ሰው ሲጎድል የምትጠራበት ሥራ ለመነች።

«እማዬ ብቻዋን መዋል የለባትም አልኳቸው» አለችኝ ሽንኩርት እየላጠች። እንባዋ የሽንኩርቱ እንደሆነ እንዳምን።

አፌን ከፈትኩ። ልነግራት ነበር። ምንጣፉን አሳየችኝ፤ ከአልጋዬ አጠገብ አዲስ አንጥፋለች፣ ወፍራም፣ ብወድቅ እንዳልጎዳ። «ደስ አለሽ?» አለች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ።

ነሐሴ 12

ገበያ ሄዳለች። አዲሱ ምንጣፍ ለመለማመድ ይመቻል። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

ፈድሉን አልመጣም ማለቴን ንገረው ልለው ደወልኩ። «እማማ፣ ጋሽ አሳምነው ያለ እርስዎ አልወጣም ብለዋል፣ ሆቴሉን ቡክ አድርገናል፣ ቲኬቱም ሄዷል» አለኝ። ያለ እሷ አልወጣም አለ? ደግሞ አስደገምኩት። ከዚያ ዘጋሁት። አልመጣም ማለቱን ረሳሁ።

ነሐሴ 17

የማስታወቂያው ወረቀት ሱቅ በር ላይ ተለጥፏል። የእሱ ፊት ትልቅ ነው፣ «አንጋፋው አርቲስት አሳምነው» ይላል። ከሥር የእኔ ፎቶ በጣት አሻራ ልክ። «ገንዘቤም ትኖራለች» ይላል። እታፈራሁ የሚል ፈለግኩ፣ ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልኩ። የለም። ፊደል ባልቆጥር ኖሮ ፎቶዬን አይቼ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር።

ሰናይት እንዳታየው ቀዳድጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሌላ እንደሚለጥፉ ጠፍቶኝ አይደለም።

መድረክ ላይ ግን ስሜን ይጠራል። ቃል ገብቷል።

ነሐሴ 24

ሰናይት መታጠቢያ ቤት ተዘግታ ከእህት ረድኤት ጋር በስልክ ስትጸልይ ሰማሁ። «እናቴ ዓይኔ እያየ እያለቀችብኝ ነው፣ ጌታ ሆይ፣ ትንሽ ጨምርልኝ» ትላለች። ቧንቧውን ከፍታው ነበር፣ እንዳልሰማ።

ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ነገ እነግራታለሁ።

ነሐሴ 25

ሥራ ተጠርታ ሄደች። ሳይመች ቀረ።

ጳጉሜ 3

ፈድሉ ደወለ፤ አሳምነው ገብቷል። ላናግረው አልኩ። «ተኝተዋል እማማ። ትንሽ ደክሟቸዋል።» ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። ተኝተዋል። ማታም ተኝተዋል።

«አንተ ልጅ፣ አርቲስት ነው ወይስ ሬሳ ያመጣኸው?»

«ኧረ እማማ! እጃቸው ብቻ ነው ትንሽ የከበዳቸው።»

የቱ እጅ ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ መልሱን እሰማ ነበር።

መስከረም 1

ዛሬ ማታ ነው። ለሰናይት የእናቶች ጸሎት አለ፣ እህት ረድኤት ሰው ትልክልኛለች አልኳት። ሻሼን ራሷ አሰረችልኝ። «አምሮብሻል» አለች። የፈድሉ ሊሞ ሀብታሞች ከሚኖሩበት ከሮድስ ራንች ሰፈር አጥር አጠገብ ይጠብቀኛል፣ እዚያ ረጅም መኪና ቢቆም ማንም አይደነቅም። የገንዘቤን ቀሚስ ከሥር ለብሻለሁ። በቃ።

መስከረም 2

እንቅልፍ የለም። ሁሉንም ልጻፈው።

ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ያ ትልቅ ሰውዬ! አፉ ወደ ግራ ተጣሟል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል፣ ተቀምጧል። የምወቅሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፣ ሁሉንም ተውኩት።

«እቴ» አለ። ምላሱ ይጎተታል። «እጄ አይነሣም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አትመጪም ነበራ።»

«በግራህ ምታኝ።»

«በግራዬ ምርኩዙን ነው የምይዘው። ብለቀው እኔ ነኝ የምወድቀው።» ሊስቅ ሞከረ። «ሰው ከፍሎ ገብቷል እቴ። ምን ላድርግ?»

ያኔ ጠሩን፤ ትሪዬን ከነውሃ ሳህኑ አነሣሁ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ገና ስንታይ ጮኹ። ድምፅ ማጉያውን አፉ አጠገብ ያዙለት። ስሜን ሊጠራልኝ ነው ብዬ ቆምኩ። «እ... እ...» አለ። ሰው ይጠብቃል። ላቡ ወረደ። «ገንዘቤ!» አለ በመጨረሻ። ጭብጨባው ጣሪያውን አነሣው። ዓይኑ ይቅርታ እያለኝ ነበር፤ ወይም እንደዚያ መስሎኝ።

ከዚያ የሚናደድበት ቦታ ደረሰ። ፊቱን አኮሳተረ፣ ያ ፊት አሁንም አለ። እጁ ግን አልተነሣም። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ጣቶቹ ትንሽ ተፍጨረጨሩ፣ በቃ። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ፊት ሲለወጥ አየሁ። ሊያዝኑለት ነው። መድረክ ላይ ሰው ከሚያዝንልህ ቢደበድብህ ይሻላል። እሱም ያውቃል።

ወደቅኩ። ያ ትንሽ ጣት ሲንቀሳቀስ፣ ቤት የሚያፈርስ ጥፊ ያረፈብኝ ይመስል፣ ዞሬ ወደቅኩ። በግራ ዳሌዬ። ትሪው ወደ ላይ። አንድ ጠብታ የለም። ሰው ፈነዳ።

ልናገር አፌን ስከፍት ከወደ ኋላ ጩኸት መጣ። «እማዬ! እማዬ! ልቀቁኝ!» ወንበር እየገፋች፣ ሰው እየረገጠች፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች። እህት ረድኤት ለበዓሉ እንኳን አደረሳችሁ ልትል ቤት ደውላ ኖሯል፤ ሰናይት ስለ ጸሎቱ ስትጠይቃት ምንም እንደማታውቅ ነገረቻት፣ የቀረውን በየሱቁ በር የተለጠፈው ወረቀት ነገራት። መድረኩ ላይ ወጥታ ተንበረከከች። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።

«እማዬ ደኅና ነሽ? ደኅና ነሽ ወይ? ንገሪኝ!»

አፌ እንደተከፈተ ነበር። የሚወጣው ነገር ቀድሞ ተዘጋጅቷል። ልመልሰው አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ወጡ ደኅና ነው!» አልኩ።

እንደዚያ ዓይነት ሳቅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ተነሥቶ ቆመ። ልጅቷም የቲያትሩ መስላቸዋለች። «ለቅሶውን ስትችልበት!» ይላል አንዱ። እሷ እንደተንበረከከች ቀሚሴን አየች፣ የገንዘቤን ቀሚስ። ከዚያ ሳህኑን። ሳህኑ ውስጥ ያለውን ውሃ። ብዙ ጊዜ አየችው። ምንጣፏን እያሰበች እንደሆነ አወቅኩ።

እጇን ከፊቴ ላይ አነሣች።

መስከረም 5

አትናገረኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትሄዳለች። ዳይፐሩን ከነፌስታሉ ቆሻሻ ውስጥ ጥላዋለች።

መስከረም 8

ዛሬ ተናገረች። ልብስ እያጠፈች፣ ሳታየኝ።

«ሥራዬን ስተው ለምን ዝም አልሽ?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«ሐኪሙ ፊት ያዞረኛል አልሽ። እኔ ነኝ ያስተረጎምኩት። ከአፌ ነው የወጣው።»

«ሰናይት...»

«ልጅ ሆኜ እኔን ሲመቱኝ የሚስቁት ነገር ይገባኝ ነበር፣ ልጆች ናቸው። ያን ቀን የሳቁት ግን ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ያሳቅሻቸው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ሰው ጽፎ ያልሰጠኝን መናገር አውቅበታለሁ እል ነበር።

መስከረም 14

አሳምነው ተመለሰ። ሳይሰናበተኝ። ፈድሉ ቪዲዮውን ልኮልኛል፤ «አንጋፋው አሁንም እሳት ነው» ብለው ጽፈውበታል። ስለ እኔ አንዱ ብቻ «አሮጊቷ ግን አልተጎዳችም?» ይላል።

ሰናይት ኤፔክስ ደውላ ለመነች። የሊዱን ቦታ ሌላ ይዞታል። እንደ አዲስ ሰው ከታች ጀምሪ፣ ሰኞ ጠዋት በሰዓቱ ካልገባሽ ግን እርሺው ብለዋታል።

ዳሌዬ ያን ምሽት አልተሰበረም። ያማል ብቻ። ለማንም አልተናገርኩም።

መስከረም 19

ተኝቼ ነው የምጽፈው። አልጋ ላይ ግን አይደለም።

ጠዋት ስነሣ የወፍራሙ ምንጣፍ ጠርዝ እግሬን ያዘኝ። አወዳደቄ አላማረም። ቀኝ እጄን እንኳ አላነሣሁም። ግራ ዳሌዬ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ሰማሁ። ከሥር ያለችው ሴትዮ ኮርኒሱን መታችው።

ሰናይት ለሥራ ለባብሳ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ሰኞ ነው፣ የመጀመሪያ ቀኗ። እግሯ ከክፍሌ በር ውጪ ሲቆም ሰማሁ። በሩን አልከፈተችም።

«እማዬ» አለች። «ይሄኛው የእውነት ነው?»

ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ድምፁን ከሆድ አውጡት ይሉን ነበር ኪነት፣ እንዳይንቀጠቀጥ። ከሆዴ አወጣሁት።

«ጋሼ፣ ወጡ ደኅና ነው!»

ከዚያ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ይዛው ነበር፣ ከዚያ አመለጣት፣ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች።

«አንቺ ሴትዮ እኮ ትገድይኛለሽ» አለች። «ቁርስሽ ጠረጴዛው ላይ ነው።»

መኪናዋ ሲነሣ ሰማሁ። ስልኩ ኩሽና ነው። ደብተሩ ፍራሹ ሥር ስለሆነ እጄ ደረሰበት። እሷ እስክትመጣ ገና ብዙ ነው። ቀዝቃዛ ነገር እግሬን ይዞ ወደ ላይ እየመጣ ነው።

ይህችኛዋን እንደዚህ በይ ብሎ ማንም አልነገረኝም። የራሴ ናት።

ሰናይት በዕድሜዋ በገንዘቤ ስቃ አታውቅም ነበር።